ቁጥር የሌለው መንገድ

ጋሼ ፀሐዬ የሰፈራችን እድር ጡሩምባ ነፊ ነበሩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ነፍተዋል። ሰው ሲሞት ማለዳ ይነሱና ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ በታች ካለው ቁልቁለት ጀምረው በየቅያሱ እየቆሙ ይነፋሉ። ከዚያ የሟቹን ስም፣ ቀጥሎ የቀብሩን ሰዓት ይናገራሉ። ጡሩምባው ሲሰማ ሰው ሁሉ አልጋው ላይ ትንፋሹን ይዞ ስሙን ይጠብቃል። ማን እንደሆነ ከታወቀ በኋላ ነው ነጠላ የሚፈለገው።

ከጉራጌ አገር፣ ከእዣ የመጡት ልጅ ሳሉ ነው። ጡሩምባውን ከመያዛቸው በፊት ጆንያ ተሸክመው፣ በየበሩ «ቆራሌው!» እያሉ አሮጌ ቆርቆሮና ጠርሙስ ሲገዙ ኖረዋል። ድምፃቸው የተገራው በዚያ ሥራ ነው ይባላል። ከድምፃቸው ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ግን የሰፈሩን መንገድ ማወቃቸው ነበር። የትኛው በር ወደ ውስጥ፣ የትኛው ወደ ውጭ እንደሚከፈት፣ የትኛው ቅያስ ለሬሳ ሳጥን እንደማይመች፣ የቱ ጋ ተሸካሚ እግሩን እንደሚያደናቅፈው ያውቃሉ። ቀብር ሲወጣ ከፊት ከፊት የሚሄዱት እሳቸው ናቸው። «ድንጋይ አለ»፣ «ወደ ግራ»፣ «ዝቅ በሉ፣ ሽቦ አለ» ይላሉ። ሌላ ነገር አይናገሩም። ባለቤታቸውን እትዬ ኤቢሴን ስንቀብርም ከፊት ሆነው «ድንጋይ አለ» ሲሉ ሰምቻለሁ።

ከሰፈራችን ወደ ቀራንዮ መድኃኔዓለም የሚያወጣ የጓሮ መንገድ አለ። በድሮው የግራዝማች ግቢ አጥር ሥር ያልፋል። አስፋልት የለውም፤ ክረምት ጭቃ ነው፤ በጋ አቧራ ነው። ቢሆንም ሬሳችን በትከሻ የሚሄደው በዚያ ነው። በአስፋልቱ ከተዞረ ሩቅ ነው፤ መኪና ይጠይቃል። መኪና ከተጠየቀ ደግሞ ሽማግሌውና እግሩ የታመመው ቤቱ ይቀራል። በጓሮው ከሆነ ግን በዱላም ቢሆን ሁሉም ይሸኛል።

የግራዝማች ግቢ ወራሾቹ ከሸጡት በኋላ የአንድ ኮሌጅ ሆነ። ኮሌጁ አድጎ ዩኒቨርሲቲ ሊባል ነው አሉ፤ ባለ ስምንት ፎቅ ሊሠራበት ነው አሉ። እኛ ሰፈር «አሉ» የሚባል ነገር ብዙ ስለሆነ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። እኔም አልቆጠርኩትም ነበር፤ ወረቀቱን በዓይኔ ባላየው ኖሮ።

የማየው ሥራዬ ስለሆነ ነው። በግንባታ ፈቃድ መስሪያ ቤት ሻይ አፈላለሁ፣ ወለል እወለውላለሁ። ትምህርቴን ከሰባተኛ ክፍል ያቆምኩት እናቴ ስትታመም ነው፤ ያኔ ለአንድ ወር ብዬ ነበር። እናቴ ዳነች፤ ከዚያ ሌላ ነገር መጣ፤ ከዚያ እንደገና ታመመች። ስድስት ዓመት ሙሉ አልጋ ላይ ስትሆን ከሥራ በፊትና ከሥራ በኋላ የማገላብጣት እኔ ነበርኩ። ነገር ይለወጣል ብዬ የምጠብቅ ሰው አይደለሁም። ይህንን የምለው በኋላ ያደረግኩት ነገር ለራሴም እንግዳ ስለሆነብኝ ነው።

ናዝራዊት የምትባል ወጣት አርክቴክት አለች፤ ፕላን የምትመረምረው እሷ ናት። አንድ ቀን ጠረጴዛዋ ላይ ትልቅ ወረቀት ዘርግታ ሻዩን የማስቀምጥበት ቦታ አጣሁ።

«እትዬ፣ እዚያ መስኮቱ ላይ አድርጊልኝ፤ እንዳይፈስበት» አለችኝ።

ወረቀቱን አየሁት። ሥዕል ማንበብ አልችልም፤ ግን የአሮጌውን ቤት የእንጨት በረንዳና የጥዱን ቦታ ለየሁ።

«ይሄ የግራዝማች ግቢ አይደለም እንዴ?»

«አወቅሽው? የኮሌጁ ነው።»

«መንገዱስ የታለ?»

«የቱ መንገድ?»

«የሬሳው።»

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ በጣቷ አንድ ቀጭን መስመር አሳየችኝ። በአጥሩና በአዲሱ ሕንፃ መካከል አንድ ሜትር ከሃምሳ የእግር መተላለፊያ ተብሎ ተትቷል። መስመሩ ሕንፃው ጥግ ደርሶ ድንገት ይሰበራል፤ እንደ በር ማዕዘን።

«እዚህ ጋ ለምን ተሰበረ?»

«አሮጌው ቤት ቅርስ ነው፤ ቁጥር አለው። አጠገቡ መሥራት ስለማይቻል ሕንፃውን ወደዚህ ገፉት። መንገዱ ግን ካርታ ላይ የለም፤ ቁጥርም የለውም። እነሱም ክፋት አስበው አይደለም እትዬ፤ ሰው በአጥር ሥር ያልፋል ብለው ነው የተዉት።»

ቅዳሜ ስብሰባ እንዳለም ነገረችኝ። የፕላን ስምምነት የሚሉት የመጀመሪያው ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት አዋሳኝ ነዋሪ ሁለት ጊዜ ይጠራል። የሚቃወም ካለ ስሙና ቃሉ ይጻፋል። በሁለቱም ካልተጻፈ ነገሩ ያልቃል።

ማታ እናቴን አጥሚት ካጠጣኋት በኋላ ጋሼ ፀሐዬ ቤት ሄጄ ያየሁትን ነገርኳቸው።

«ስንት ሜትር አልሽ?»

«አንድ ከሃምሳ።»

«ጥጉ ላይስ?»

«ጥጉም ያው።»

ተነሥተው ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ኮታቸው ሄዱ፤ መልሰው ተቀመጡ። ጊዜው መሽቶ ነበር። በማግሥቱ ግን ወደ ሥራ ስወጣ በግራዝማች አጥር ሥር አየኋቸው፤ ሁለት እጃቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ የሌለ ነገር እንደተሸከመ ሰው በጎን ይራመዳሉ።

በመጀመሪያው ስብሰባ የተገኘነው አሥራ አንድ ሰው ነን። ሰው ስብሰባ ሰልችቶታል፤ አልፈርድበትም። ከኮሌጁ የመጣው ጆሲ የሚባል ኢንጂነር ነው፤ ጨዋ ልጅ ነው። በላፕቶፑ ሕንፃውን አሳየን፤ መስታወቱን፣ ዛፎቹን፣ የማናውቃቸውን ፈገግ ያሉ ተማሪዎች።

ጋሼ ፀሐዬ ተነሡ። «ልጄ፣ ሥራህ ያምራል። ሬሳ ግን በየት በኩል ይለፍ?»

«ጋሼ፣ መተላለፊያ ትተናል እኮ። ሁለት ሰው ተላልፎ ያልፋል።»

«የቆመ ሰው ያልፋል። የተኛ ሰው ጥግ ላይ አይታጠፍም።»

ሁለት ሰዎች ሳቁ። ጆሲም ፈገግ አለ፤ በማፌዝ አልነበረም፣ አልገባውም እንጂ። «በአስፋልቱ በኩል ደግሞ ጥሩ መንገድ አለ» አለ።

«እሱማ አለ» አሉ ጋሼ ፀሐዬና ተቀመጡ። በአፋቸው የሚያስረዱት ነገር እንዳልሆነ ፊታቸው ላይ ታየ። በእጃቸውና በእግራቸው የሚያውቁት ነገር ነው።

ስንወጣ ናዝራዊት ጠራችን። «ቃልዎን ጽፌዋለሁ ጋሼ። ግን አንድ ሰው ነው። ከአሥራ አንድ ሰው አንድ ተቃዋሚ ብዬ ሳቀርብ ምን እንደሚባል ያውቃሉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰው ይዛችሁ ኑ። መስመሩንም መሬት ላይ በችካልና በሲባጎ እናስወጣዋለን፤ ሁሉም በዓይኑ ያያል። ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ስብሰባ የለም።»

ሳምንቱን ሙሉ ጋሼ ፀሐዬ ሰው ለመኑ። «እሺ» የማይላቸው አልነበረም። እኛ አገር «እሺ» ማለት መምጣት እንዳልሆነ ደግሞ እሳቸውም ያውቃሉ። ዓርብ ዕለት የእድሩን ዳኛ አቶ ደግፌን ሊለምኑ ሄዱ፤ ከሥራ ስመለስ በአቶ ደግፌ በር ላይ ቆመው ሲነጋገሩ ደረስኩ።

«ነገ ጡሩምባውን ልንፋው» አሉ ጋሼ ፀሐዬ።

«ለስብሰባ? አብደሃል?»

«ሰው ለሌላ ነገር አይወጣም፣ ደግፌ።»

«ጡሩምባ ለሞት ነው። ለውሃ ወረፋ ንፋልን ያሉህን ስንቴ አባረሃል? ራስህ አይደለህም?»

«ነኝ።»

«እንግዲያው ምን ትለኛለህ? በል ቤትህ ግባ።»

ጋሼ ፀሐዬ ቤታቸው ገቡ። ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ገደማ እናቴን እያጠብኳት ጡሩምባው ተነፋ። እጄ ላይ ያለው ጨርቅ ወደቀ። እናቴ ጣሪያውን እያየች «ማን ነው?» አለችኝ። ስሙን ጠበቅን። ስም አልመጣም። «እድርተኛ ሁሉ ውጡ! ወደ ግራዝማች ግቢ ውጡ!» ብቻ ነው የተባለው። ከዚያ ከሚቀጥለው ቅያስ እንደገና። ከዚያ ከወንዙ አካባቢ።

«ስሙን ምነው ዋጡት?» አለች እናቴ። «ሰው ሞቶ ስሙ አይዋጥም።»

እኔ ገባኝ። ግን አልነገርኳትም።

ስደርስ ግቢው በር ላይ ሰው ሞልቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። ስም ስላልተጠራ እያንዳንዱ የፈራውን ስም ይዞ ነው የመጣው። የተጠሩት ወደ ግራዝማች ግቢ ስለሆነና በግቢው የሚኖረው ዘበኛው ቢቂላ ብቻ ስለሆነ፣ ብዙዎቹ በመንገድ ላይ ቢቂላን ቀብረውት ነበር የደረሱት። አንዲት አሮጊት ደረቷን እየመታች፣ «ወይኔ ቢቂላ፣ ሰው የማይጠላው ቢቂላ!» እያለች ስትመጣ ቢቂላ ራሱ በሩን ከፈተላት።

«አንተ! አልሞትክም እንዴ?»

«እኔ? ኧረ እማማ፣ አሁን ቂጣ እየበላሁ ነበር!»

«እና ማን ነው የሞተው?»

«እኔ ምን አውቄ! ሁሉም እየመጣ እኔን ነው የሚያቅፈኝ።»

ሳቅ ነበር፤ ግን የደነገጠ ሰው ሳቅ ነው። ቶሎ ወደ ቁጣ ተለወጠ። ጋሼ ፀሐዬ ጡሩምባውን ከኮታቸው ሥር ይዘው ሲመጡ ሰው ከበባቸው።

«ማንም ሞተ አላልኩም» አሉ። «ውጡ ነው ያልኩት።»

«ጡሩምባ ሌላ ምን ይላል? ንገረኛ!» አሉ አቶ ደግፌ።

ሳያት የምትባለው ጎረቤታችን ታለቅስ ነበር። «ወንድሜ ሆስፒታል ተኝቷል ጋሼ! እሱ ነው ብዬ ልጆቼን በር ላይ ጥዬ ነው የሮጥኩት! ምን በደልኩዎት?»

ጋሼ ፀሐዬ ለሷ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም ጎንበስ አሉ። «በድያለሁ። በኋላ ትፈርዱብኛላችሁ፤ አልከራከርም። ግን ከመጣችሁ አይቀር ይህን ሲባጎ እዩልኝ።»

የተወሰነ ሰው እየተራገመ ሄደ። የቀረው ግን ብዙ ነበር። ናዝራዊት መዝገቧን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ነጠላቸውን የዘቀዘቁትን ሴቶች እያየች ቆማለች። ጆሲ ችካሎቹ አጠገብ ነው። ሲባጎው ከአጥሩ ጎን ሄዶ፣ ጥጉ ላይ ወደ ቀኝ ይሰበራል። ወረቀት ላይ ያየሁት መስመር መሬት ላይ ሲታይ ጠባብ ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን የእድሩ ተረኞች ደረሱ። ጡሩምባ ከተነፋ የወሩ ተረኛ ስም አይጠብቅም፤ የእድሩን ቤት ከፍቶ ድንኳንና ወንበር፣ ከዚያ ቃሬዛውን ያወጣል። ስድስት ጎረምሶች ቃሬዛውን በእጃቸው አንጠልጥለው መጡና ሳቁንም ጩኸቱንም አይተው ቆሙ።

ጋሼ ፀሐዬ ቃሬዛውን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። ይህን አላሰቡበትም ነበር፤ በኋላ ማሉልኝ፣ አምናቸዋለሁ።

«በሉ» አሉ፤ «ከመጣ አይቀር በዚህ ሲባጎ ውስጥ ይዛችሁት እለፉ። በትከሻ።»

ተረኞቹ ተያዩ። «ባዶውን ጋሼ?» አለ አንዱ። «ባዶ ቃሬዛ በትከሻ አይነሣም። የሚሞላውን ይፈልጋል።»

«እውነቱን ነው፤ አይነሣም!» አሉ ሴቶቹ።

ጋሼ ፀሐዬ ጡሩምባውን ለእኔ ሰጡኝ። ጫማቸውን አወለቁ፤ ጎን ለጎን አድርገው አስቀመጡት። ኮታቸውን አጥፈው ከራስጌ አኖሩና ቃሬዛው ላይ በጀርባቸው ተኙ።

«በስመ ሥላሴ!» የሚል ጩኸት ተነሣ። «ውረድ!» አሉ አቶ ደግፌ። «ፀሐዬ፣ በቁምህ ሟርት አታምጣብን፣ ውረድ!»

«ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ምን ሟርት ይቀረኛል? አንሡ ልጆች፣ አልከብድም።»

አነሷቸው። የቆምንበትን ምክንያት የረሳን ይመስለኛል፤ ወንዶቹ ሳያስቡት ኮፍያቸውን አወለቁ። ቃሬዛው በሲባጎውና በአጥሩ መካከል ገባ። ወደ አጥሩ በኩል ያሉት ተሸካሚዎች ትከሻቸው ግንቡን እየፋቀ ሄዱ። ጥጉ ላይ ሲደርሱ የፊተኞቹ ወደ ቀኝ ዞሩ፤ የኋለኞቹ ገና አልደረሱም። ቃሬዛው ቆመ። ወደ ኋላ ተመለሱ፤ እንደገና ሞከሩ። ሦስተኛው ላይ መካከል ያለው ልጅ ሲባጎውን ተሻግሮ ወደ ውስጥ ረገጠ።

«እሱ አሁን ግድግዳ ውስጥ ነው የገባው» አለች ናዝራዊት ቀስ ብላ።

ጆሲ አገጩን ያሻል። «ትንሽ ዘንበል ቢደረግ…» አለ።

ጋሼ ፀሐዬ ሰማዩን እያዩ ተኝተው መለሱለት። «ዘንበል ስታደርገው ሳጥኑ ውስጥ ያለው ይንሸራተታል፤ ይሰማሃል፣ ከውስጥ ሲመታ። ሁለት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። እናትህ ብትሆን ታዘነብላት ነበር፣ ልጄ?»

ጆሲ ሄዶ የጥጉን ችካል ነቀለ። ወደ ውስጥ ገፋ አድርጎ ሁለት ችካል በአንዱ ፋንታ ተከለ፤ ጥጉ ተቆርጦ ሰያፍ ሆነ። ሲባጎውንም ከአጥሩ አራቀው። «አሁን ሞክሩ» አላቸው ተረኞቹን። ቃሬዛው ሲባጎውን ነካ፤ እንደገና አራቀው። በሦስተኛው ሳይነካ አለፈ። ጆሲ በሜትር ለካው፤ ሁለት ከሰማንያ። «መሬት ቤት ያለው መማሪያ ክፍል ይጠባል» አለ ለራሱ፤ ግን ጻፈው።

«በሉ አውርዱኝ» አሉ ጋሼ ፀሐዬ፤ «እስካሁን አልሞትኩም።»

ናዝራዊት ቃለ ጉባኤውን ጻፈች። ሳያት ዓይኗን እየጠረገች ቀድማ ፈረመች። እሷ ጴንጤ ናት፤ ሬሳቸው ወደ ቀራንዮ አይሄድም። «ከቅያሱ እስክንወጣ የሁላችንም መንገድ በዚህ ነው» አለች። «ግን ለዛሬው አልማርኩዎትም ጋሼ።» መቶ አርባ ሦስት ሰው ነጠላውን እንደዘቀዘቀ ፈረመ።

በሳምንቱ እሑድ የእድሩ ጉባኤ ተጠራ። ያን ቀን ሰው መጣ። የእድሩ ደንብ ያለ ሞት ጡሩምባ ስለሚነፋ ሰው ምንም አይልም፤ እንዲህ ያለ ነገር ይደረጋል ብሎ ያሰበ ስለሌለ። አቶ ደግፌ ቆመው ተናገሩ፤ ድምፃቸው የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም።

«መንገዱን አድኖልናል፤ አልክድም። ግን ጡሩምባው የሚታመነው አንድም ቀን ዋሽቶ ስለማያውቅ ነው። ከእንግዲህ ሲነፋ ሰው ስሙን አይጠብቅም፤ ‹እውነት ይሆን?› ነው የሚለው። ይህን ፀሐዬ ከኔ በላይ ያውቃል።»

ጋሼ ፀሐዬ ጡሩምባውን ይዘው ነበር የመጡት። አፉን በኮታቸው እጅጌ ጠረጉና ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «ለዚህ ጎረምሳ፣ ለሰብስቤ ስጡት፤ ደህና ሳንባ አለው» አሉ። ሰው ወለሉን ያይ ነበር። ስለ መንገዱ «እግዜር ይስጥልን» ያላቸው አልነበረም። ነገሩን የጀመርኩት እኔ ነኝ፤ ወረቀቱን አይቼ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። እኔም ዝም አልኩ። ከዚህ በፊትም ብዙ ጊዜ ዝም ብያለሁ፤ የዚያን ቀኑ ግን አሁንም ይቆረቁረኛል።

የፕላን ስምምነቱ ግንቦት ውስጥ ተሰጠ። ናዝራዊት ጠርታ ማህተም ያረፈበትን ወረቀት አሳየችኝ። ጥጉ ተቆርጧል። መንገዱ በነጠብጣብ ተሥሎ ስፋቱ ተጽፎበታል። ለጋሼ ፀሐዬ ነገርኳቸው።

«ቁጥር ሰጡት?»

«ቁጥር የለውም። ስፋቱ ግን ተጽፏል።»

«ጥጉስ?»

«ተቆርጧል።»

«እሺ» አሉኝና ወደ ቤታቸው ገቡ። ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮው ጠዋት ጠዋት በራቸው ላይ ሲቀመጡ አላያቸውም ነበር። ቀብር ሲኖር ከኋላ፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር ይሄዳሉ ይባላል። ከፊት «ድንጋይ አለ» የሚል ሰው አልነበረም።

እናቴ ያረፈችው በኅዳር፣ ማክሰኞ ሊነጋ ሲል ነው። ሰብስቤ ጡሩምባውን በደንብ ነፋ፤ ስሟንም በደንብ ጠራ፤ ቀብሩ ስድስት ሰዓት ላይ መሆኑን ተናገረ። ድንኳን ተተከለ። ሰው ግን አልመጣም። ሦስት ሰዓት ሲሆን ድንኳኑ ውስጥ የነበርነው ከዘመዶቼ ጋር አሥራ አራት ነን። ስልኬ ይጮሃል። «አልማዜ፣ አትቀየሚኝና፣ የጠዋቱ ጡሩምባ የእውነት ነው?» ይሉኛል። ሁለቱን አነሣሁ። ሦስተኛውን ማንሣት አቃተኝ፤ ስልኩን ትራስ ሥር ከተትኩት። አቶ ደግፌ ያሉት ይኸው ደረሰ፤ የደረሰው ደግሞ በእናቴ ላይ ነው። አላማረርኩም። እንዲህ ያለው ነገር ወደኔ እንደሚመጣ ድሮም አውቃለሁ።

ጋሼ ፀሐዬ መጥተው እግዜር ያጥናሽ አሉኝ። ድንኳኑን አዩ። ባዶ ወንበሮቹን አዩ። ሳይቀመጡ ወጡ።

ያደረጉትን በኋላ ከሰው ነው የሰማሁት። ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ በታች ካለው ቁልቁለት ጀምረው እስከ ወንዙ ድረስ እያንዳንዱን በር አንኳኩ። ጡሩምባ የለም፤ ጩኸትም የለም፤ በጣታቸው ብቻ። «እውነት ነው፤ የአልማዜ እናት ናቸው። ስድስት ሰዓት ነው፤ ውጡ» ይላሉ። አንዱ በር ላይ አንድ ሰውዬ፣ «ምን እናድርግ ጋሼ፣ ጥርጣሬውን ያስለመዱን እርስዎ ነዎት» አላቸው አሉ።

«እኔ ነኝ» አሉት። «በእግሬ የመጣሁትም ለዚህ ነው።»

ከአምስት ሰዓት በኋላ ሰው ይጎርፍ ጀመር። ሳያት መጣች። መራመድ ከሚያስቸግራቸው አሮጊቶች ጋር ዱላ የያዙ ሽማግሌዎች መጡ። ስንነሣ ቅያሱ ሞልቶ የኋለኛው አይታይም ነበር።

በጓሮው መንገድ ሄድን። የኮሌጁ ሕንፃ አራተኛው ፎቅ ላይ ደርሷል፤ ኮንክሪቱ ገና ግራጫ ነው። ሲሚንቶ የሚያቦካው ማሽን ይጮህ ነበር። ቢቂላ ሮጦ ለሠራተኞቹ አንድ ነገር ተናገረና ማሽኑ ቆመ። ከዚያ የሰው እግር ብቻ ነው የሚሰማው።

ጥጉ ላይ ስንደርስ ጋሼ ፀሐዬ እዚያ ቆመዋል። በሮቹን አንኳኩተው ሲጨርሱ ቀድመውን ነው የደረሱት። በተቆረጠው ግድግዳ ላይ መዳፋቸውን ለጥፈው፣ በተሸካሚዎቹ ትከሻና በኮንክሪቱ መካከል ያለውን ክፍተት ነው የሚያዩት። የፊተኞቹ ዞሩ። መካከለኞቹ ዞሩ። የኋለኞቹ አንድ እርምጃ አሳጠሩና ዞሩ። ምንም አልነካም።

ስድስት ዓመት ሳገላብጣት የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እናቴ ስታዘነብል ከሩቅ አውቃለሁ። ጆሮዬን ወደ ሳጥኑ ጣልኩ። አልተንሸራተተችም።

ጋሼ ፀሐዬ መዳፋቸውን ከግድግዳው አነሡ፤ የሲሚንቶውን አቧራ ኮታቸው ላይ ጠረጉት። ወደ ፊት አልሄዱም። ሰው ሁሉ እስኪያልፍ ጠበቁና ከመጨረሻዋ አሮጊት ኋላ ገቡ። በመንገዱ ላይ ድንጋይ ነበር። የፊተኞቹ ራሳቸው አይተው ተሻገሩት።